የሁለተኛው ስክሪን ክብደት

ጠዋት ጠዋት፣ የቢሮ ሠራተኞች መግባት ሳይጀምሩ፣ ሊፍት ጠጋኙ ባዶ ሊፍት ውስጥ ገብቶ የአሥራ አራተኛውን ፎቅ ቁልፍ ይጫንና ቀኝ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። እስከ ላይ ሃምሳ ሰከንድ ይፈጃል። በነዚያ ሃምሳ ሰከንዶች ውስጥ የገመዱን ድምፅ፣ የሐዲዱን ድምፅ፣ የበሩን ድምፅ ለየብቻ ያዳምጣል። ሰባተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ኳ የምትል ነገር አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ኳ ብላለች፤ ያመጣችው ነገር የለም። ላይ ደርሶ ይወርድና በሁለተኛው ሊፍት ያንኑ ይደግማል፤ ከዚያ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጽፎ፣ "ደህና" ብሎ ይፈርማል።

"ዛሬስ ምን አለችህ፣ ጋሼ ሊፍት?" ይለዋል የበሩ ዘበኛ።

"እንዴት አደርክ አለችኝ።"

"ታድለሃል። እኔን እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ሰነበተ።"

ጋሼ ሊፍት የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ሕንፃው ውስጥ ግን በሌላ ስም የሚጠራው የለም። ዕድሜው አርባ ሰባት ነው። ጋሼ የሚለው የመጣው ፀጉሩ ቀድሞት ስለሸበተ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው በአጠገቡ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ የሚያናግሩት ግን ሊፍቱ ሲቆም ነው። ሊፍቱ ደህና ከሆነ እሱም የለም። አንዳንድ ሳምንት፣ ሥራው ሁሉ ሲሰምርለት፣ ከዘበኛው በቀር ከማንም ጋር ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይለዋወጥ ዓርብ ይደርሳል።

የሚኖረው ከሥራው ሃያ ደቂቃ በእግር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘበኛው ይህን የሰማ ቀን ሲስቅ ዋለ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ማድረቂያው ላይ የተደፋ አንድ ሳህን። ሁለት የሆነ ነገር ቢኖር ጠረጴዛው ላይ ያሉት ስክሪኖች ናቸው። አንደኛው ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው። ሁለተኛውን የገዛው የልጁን ፊት ለማየት ነው።

ከልጁ እናት ጋር ከተለያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት እናትየዋ በሥራ ምክንያት የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቅ ከተማ ተዛወረች፤ ልጅቱም አብራ ሄደች። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ በስልክ ይደዋወሉ ነበር። "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ።" "ትምህርትስ?" "ጥሩ ነው።" "በልተሻል?" "አዎ።" ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ፣ ሊፍት ውስጥ አብረው የቆሙ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ዝምታ ነበር። አንድ ቀን ልጅቱ ራሷ፣ "አባዬ፣ ለምን አብረኸኝ አትጫወትም?" አለችው። በዕድሜው ከካርታ ሌላ ተጫውቶ አያውቅም። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛ፤ ሁለት ወር ሙሉ ስክሪኑ ላይ በየግንቡ እየተላተመ መንዳት ተማረ።

ጨዋታው የእሳት አደጋ ጨዋታ ነው። አራት ሰው አንድ ቡድን ይሆናል። አንዱ መኪናውን ይነዳል፣ አንዱ የውሃውን ቱቦ ይይዛል፣ አንዱ መሰላል ይወጣል፣ አንዱ በር ይሰብራል። ቱቦው የልጅቱ ነው። መሰላሉን የሚወጣው የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ስሙ መብረቅ ይባላል። በር የምትሰብረው የአክስቷ ልጅ ናት፤ እሷም ጉንዳን ነኝ ብላለች። ሾፌሩ እሱ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምሩና አሥር ሰዓት ላይ ያበቃሉ። እሳቱ እስኪነሳ፣ መኪናው እስኪደርስ፣ ውሃው እስኪሞላ ባሉት ክፍተቶች ልጅቱ በስልክ የማትናገረውን ትናገራለች። የሒሳብ አስተማሪዋ እንደሚጠሏት፣ እናቷ ፀጉሯን እንዳትቆረጥ እንደከለከለቻት፣ ጉልበቷን እንደሚያማት። እሱም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "ከመቼ ጀምሮ?" ይላል፤ ትነግረዋለች።

ሁለተኛው ስክሪን ላይ፣ በስተግራ በኩል፣ የቪዲዮ ጥሪው ክፍት ሆኖ ይቆያል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጢሙን ይላጫል፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይለብሳል፣ ፊቱ ጨለማ እንዳይሆን መብራቱን ወደ ራሱ ያዞራል። በሳምንቱ ያገኛቸውን ነገሮች ኪሱ ውስጥ አኑሮ ይመጣና ለካሜራው ያሳያታል። እንደ ጥርስ የተበላ ጎማ፤ ሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘ የአንድ እግር ታኮ፤ ማሽን ክፍሉ ጣሪያ ስር ወፍ በሽቦ ቁርጥራጭ የሠራችው ጎጆ። "ይኸውልሽ፣ ሚጣ፣ ሽቦውን እንዴት እንዳጠፈችው አየሽ?" "አሪፍ ነው፣ አባዬ" ትላለች። ሚጣ አትበለኝ ካለችው ቆየች፤ አፉ ግን አልለመደም።

ችግሩ የመጣው ጨዋታው ታድሶ ሲወጣ ነው። አዲሱ ከተማ ዝናብ አለው፤ መንገዱ ረጥቦ መብራት ያንጸባርቃል፣ መስኮቱ ሁሉ ሰማዩን ያሳያል። ያማረ ነው። የእሱ ኮምፒውተር ግን በየመታጠፊያው ሁለት ሦስት ሰከንድ ድርቅ ማለት ጀመረ።

"አባዬ፣ ቆምክ።"

"አልቆምኩም፣ እየነዳሁ ነው።"

"እኛ ጋ ቆመሃል። ግንቡን አቅፈኸው ነው ያለኸው።"

"ጋሼ" አለ መብረቅ፣ "እሳቱ ወደ እኛ ይምጣ ወይስ እኛ እንሂድለት?"

"ተዋቸው፣ ይረፉበት" አለች ጉንዳን።

እሱም አብሯቸው ሳቀ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሳቁ ቀረ። መኪናው ድልድይ ላይ ደርቆ ቆይቶ ሲነቃ ወንዝ ውስጥ ነበር፤ አራቱም ሞቱ፣ ሕንፃውም ተቃጥሎ አለቀ። ሌሎቹ ሲወጡ ልጅቱ ቀረች። ሁለተኛው ስክሪን ላይ እንደ ሁልጊዜው አንገቷን ትንሽ ደፍታ፣ እሱን ሳታይ ትናገራለች። ዕድሜው ነው፣ በዚህ ዕድሜ ወላጅ ፊት ለፊት አያዩም ይል ነበር ለራሱ።

"አባዬ፣ ውድድር አለ። ምዝገባው በሚመጣው ቅዳሜ ማታ ይዘጋል።"

"ጥሩ ነዋ።"

"መብረቅ ወንድሙን እናስገባ ይላል። ወንድሙ ይነዳል።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"እስከ ቅዳሜ እንየው አልኩ። ካልተስተካከለ ግን… ውድድሩ በየቅዳሜው ነው፣ በዚሁ ሰዓት። እኛ ሌላ ቀን እንጫወታለን።"

"የትኛው ቀን?"

ቀኖቹን ቆጠረች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማስጠኛ ነው፤ እሑድ ከእናቷ ጋር ናት።

"እናያለን" አለች።

እናያለን የሚለውን ቃል እሱ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የማይመጣ ዕቃ ለሚጠይቁት ተከራዮች የሚመልሰው እሱን ነው።

ሰኞ ጠዋት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ወስኖ ሥራ ገባ፤ ሁለተኛው ስክሪን ነው። መጨረሻ የመጣው እሱ ነው፤ ጨዋታውን የሚያንቀው እሱ መሆን አለበት። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ አንደኛው ሊፍት ምድር ቤት ላይ ከልኩ በላይ ተጭኖ ጮኸ። ሲደርስ በሩ ተከፍቶ ስምንት ሰው ውስጥ ቆሟል፤ ሁሉም የሚያዩት ፋይል የታቀፈች አንዲት ቀጭን ሴት ነው።

"እትዬ፣ እርስዎ ነዎት መጨረሻ የገቡት" አላት አንዱ ባለ ክራቫት።

"እኔ? ነፋስ የሚወስደኝ ሰው ነኝ እኮ።"

ቢሆንም ወረደች። ደወሉ አልተወም። ጋሼ ሊፍት አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ከኋላ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ጸጥ ያለ ሰው ስድስት ካርቶን ወረቀት እግሩ ስር ደርድሮ ጣሪያውን ይመለከታል። ካርቶኖቹ ሲወጡ ሴትዮዋ ተመልሳ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ባለ ክራቫቱ ይቅርታ አላለም።

ከሥራ መልስ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሱቅ ሄደ። ጠጋኙ ራሰ በራ፣ ወሬ የሚወድ፣ ዳቦ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው።

"ካርድህ ስንት ጊጋ ነው?"

"ሁለት።"

"ሁለት ጊጋ ይዘህ ነው ዝናብ የምትዘንብባት ከተማ ውስጥ የምትነዳው? ጀግና ነህ፣ ወንድሜ።" ዳቦውን ቆረሰ። "ስማ። ግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ያው እንደ ሊፍትህ በለው፣ የሚችለው ልክ አለ። ጨዋታው ሥዕሎቹን ሁሉ እዚያ ይጭናል። ሲሞላበት የተረፈውን ወደ ኮምፒውተሩ ተራ ሜሞሪ ይገፋዋል። ያ ደግሞ ሩቅ ነው፣ ቀርፋፋ ነው። ከዚያ እስኪያመጣ ትደርቃለህ።"

"ሁለተኛውን ስክሪን ባነሳውስ?"

"አንሳውና እየው። ካልሆነ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርግ።"

"ጥራቱማ ከዚህ በታች አይወርድም፣ ወለሉ ላይ ነው ያለው።"

"እንግዲያው አዲስ ካርድ ግዛ።" ዋጋውን ነገረው። የሚቀመስ አልነበረም። "ወይ ጥሪውን በስልክህ አድርገው፣ ምን ያስጨንቅሃል።"

ጋሼ ሊፍት ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ባለ ቁልፍ ናት። ካሜራ የነበራቸው ሁለቱ፣ በተለያየ ዓመት፣ ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀዋል።

ሊፍት ሲፈተሽ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝኑ ብረቶች አንድ በአንድ ይጫናሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቆም ተብሎ ይታያል፣ ይጻፋል። እሱ ሌላ የመፈተሻ መንገድ አያውቅም። ማክሰኞ ከሥራ እንደገባ ሜሞሪው ምን ያህል እንደተያዘ የምታሳይ ትንሽ ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ አስቀመጠ። ለቪዲዮ ጥሪው ሰው ስለሚያስፈልገው ኮምፒውተር ጠጋኙን ለመነው። እናም ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ የልጁ ፊት በሚታይበት ቦታ ራሰ በራ ሰው ዳቦ ያኝካል።

"አሁንስ ደረቅህ?"

"ደረቅሁ። ሞልቷል።"

"እስቲ ልነቃነቅ። ምናልባት መልኬ ከብዶት ይሆናል።"

መጀመሪያ ሁለተኛውን ስክሪን ነቀለና ጥሪውን ከጨዋታው ኋላ ክፍት ተወው። ቁጥሩ ዝቅ አላለም ለማለት ይቻላል፤ መኪናውም እንደ በፊቱ ደረቀ። ከዚያ ስክሪኑን መልሶ ሰካና ባዶውን ተወው። ጨዋታው ከነዝናቡ ከአንድ ነጥብ ሰባት ጊጋ አልዘለለም። ባዶው ስክሪን የሚወስደው መቶ ሜጋ እንኳ አይሞላም ነበር። አንድ ፎቶ ከፍቶበት ሞከረ፤ ልዩነት የለም። የቪዲዮ ጥሪውን ሲከፍት ግን ቁጥሩ አራት መቶ ሜጋ ያህል ዘሎ ሁለት ጊጋውን አለፈ፤ መኪናው የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቀረ። ሦስቱንም ቀን ደግሞ ሞከረው። ሦስቱንም ቀን ያው ነው። ደብተሩ ላይ፣ የሊፍቱን መዝገብ በሚሞላበት ፊደል፣ "ስክሪን፤ ጥፋት የለበትም። ጥሪ፤ ይወርዳል" ብሎ ጻፈ።

"በቃ ዝጋዋ" አለ ጠጋኙ ሐሙስ ዕለት። "ድምፁ ብቻውን አይከብድም። በቦታው ፎቶዋን አድርግ። የማይንቀሳቀስ ነገር አይከብድም።"

"ያለኝ ፎቶ የአሥራ አንድ ዓመቷ ነው።"

ጠጋኙ ማኘኩን አቆመ።

ዓርብን እንዴት እንደሚነግራት ሲያስብ ዋለ። ፊቱን ድንገት ካላየች ምን ታስባለች? ተቀየመ ትላለች። ውድድሩ በለጠብኝ፣ እኔን ሳያየኝ መንዳት መረጠ ትላለች። ማሽን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተለማመደ። "ልጄ፣ እንዳይከፋሽ። ፊትሽን ማየት ጠልቼ አይደለም።" እንደሱ ሲል ነገሩ ከሚገባው በላይ የከበደ መሰለበት። "ሚጣ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው።" እሱም ውሸት ነው። በመጨረሻ ከነምክንያቱ፣ ከነቁጥሩ ሊነግራት ወሰነ፤ ቁጥር አያስቀይምም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ሌሎቹ ሳይገቡ ደወለላት። ፊቷ ሁለተኛው ስክሪን ላይ መጣ። ፀጉሯን ተቆርጣለች። እናቷ መቼ እንደፈቀደችላት አልሰማም።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ደግሞ እንዳይከፋሽ።"

"ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩ። ኮምፒውተሩ ለምን እንደሚደርቅ አገኘሁት። የካርዱ ሜሞሪ ሁለት ጊጋ ነው፤ ጨዋታው ብቻውን አንድ ነጥብ ሰባት ይይዛል…" እንዳሰበው አንድ በአንድ ነገራት፤ ብረቶቹንም ነገራት፣ ጠጋኙንም። "እናም ከዛሬ ጀምሮ ቪዲዮውን ልዘጋው ነው። ድምፅ ብቻ።"

"የቱን ቪዲዮ?"

"ይሄንን። የምንተያይበትን።"

"እ" አለች። "ዝጋዋ፣ አባዬ። ይህን ያህል የተጨነቅከው ለእሱ ነው? እኔ ጋ እኮ ከጨዋታው ኋላ ነው ያለው። አንድ ስክሪን ነው ያለኝ።"

እሱ ሁለተኛው ስክሪን ላይ ያለውን ፊቷን አየ።

"አባዬ? ተቋረጠ እንዴ?"

"አለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"ከኋላ የሆነው።"

"ሁልጊዜም። ጨዋታው ሲከፈት ይሸፍነዋላ። አንተ ጋ አይሸፍንም?"

እሱ ጋ አንድ ወር ሸፍኖ ነበር። ያ ወር አላስችል ብሎት ነው ሁለተኛውን ስክሪን ተሸክሞ አራት ፎቅ የወጣው። እሷ ጋ ምን እንዳለ ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። አሁን ሲያያት፣ ዓይኖቿን ያስደፋት ዕድሜዋ አልነበረም፤ የሚያዩት ነገር ነበራቸው። ከታች በኩል፣ የቡድኑ መግቢያ ገጽ ላይ፣ ሌሎቹ መጥተው እንደሆነ ትመለከታለች።

"ጎጆውንስ?" አለ።

"የምን ጎጆ?"

"ግድ የለም። እኔ ጋማ አይሸፍንም።"

"ከፋህ እንዴ?"

"ኧረ አልከፋኝም። ፀጉርሽ አምሮብሻል።"

ያን ጊዜ ቀና አለች። ጨዋታውን ወደ ጎን አድርጋ መሆን አለበት፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ያህል በቀጥታ አየችው። "ሸሚዝ ለብሰሃል" አለች፣ እንደ መገረም ብላ። "የት ልትሄድ ነው?"

"የትም" አለና ጥሪውን በድምፅ ብቻ አደረገው። የሁለተኛውን ስክሪን ቁልፍ ተጫነ፤ ሰማያዊዋ መብራት ጠፋች። መጥፋት እንደማያስፈልገው ያውቃል፤ ራሱ ፈትኖታል። ቢሆንም አጠፋው።

መብረቅና ጉንዳን ገቡ። እሳቱ ወደቡ አጠገብ፣ ዘጠኝ ፎቅ መጋዘን ላይ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ ያብረቀርቃል። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ዞረ፤ አልደረቀም። ሁለተኛውን ዞረ። ድልድዩን ሲያልፍ ሦስቱም ትንፋሻቸውን እንደያዙ በጆሮ ማዳመጫው ተሰማው። ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር አንድ ነጥብ ሰባት ላይ እንደቆመች ናት። ከዚያ በፊት በማያውቁት ፍጥነት መጋዘኑ ደጃፍ አቆመው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ማን ነው የሚነዳልዎት?" አለ መብረቅ።

"ወንድምህ መጥቶ ይሆናል" አለች ልጅቱ፤ ጉንዳን ሳቀች።

ልጅቱ ቱቦውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። እሱ መኪናው ውስጥ ሆኖ የውሃውን ግፊት እየተቆጣጠረ ጠበቀ። ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ ነገረችው፤ ፈተናውን አልፋለች። ስለ ጉልበቷ ጠየቃት፤ ትቷታል። ድምፁ ንጹሕ ነበር፤ አይቆራረጥም። ከንግግሯ መሀል ወንበሯ ሲንቋቋ ይሰማዋል፣ በሩቅ በር ሲዘጋ፣ አንድ ጊዜ እናቷ የሆነ ነገር ስትጠይቃት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያዳምጥ አሰበ፤ ግን ግፊቱ እየወረደ ነበር።

እሳቱን በአሥራ ስምንት ደቂቃ አጠፉት። ከዚያ ሌላ ሁለት አጠፉ። አሥር ሰዓት ላይ መብረቅ፣ "ጋሼን አስገቢያቸው፣ ወንድሜ ይቆይ" ብሎ ወጣ፤ ጉንዳንም ተከትላው ወጣች።

"አባዬ፣ ሾፌር ብዬ ጻፍኩህ። ሄድኩ፣ እናቴ እየጠራችኝ ነው።"

"እሺ፣ ልጄ።"

ጥሪው ተዘጋ። እሱ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ትንሽ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ሰቀለና ውሃ ጣደ። ማታ፣ ምዝገባው ሲዘጋ፣ የቡድኖቹ ዝርዝር ወጣ። ስልሳ አራት ቡድኖች ናቸው፤ የተሸነፈ ይወጣል። የመጀመሪያው ግጥሚያቸው በሚመጣው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ካሸነፉ የሚቀጥለውም ቅዳሜ ይጫወታሉ።